እትዬ ካውያ የምትዘላት መስመር

ልጄ ድንቢጥ አራት ዓመት ተኩል ሲሆናት ጸሎት ቻለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ ብዬ አልመጻደቅም። እኔ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት ሳባዛ እውላለሁ። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በሳምንት አንዴ ካገኘነው ተመስገን ነው። ልጄን የምታውልልኝም፣ ጸሎት ያስተማረችልኝም ጎረቤታችን እትዬ ካውያ ናት።

እትዬ ካውያ ሰፈሩ ያወጣላት ስም ነው። በመንገድ በኩል በምትከፈተው አንዲት ክፍሏ የሰው ልብስ እየተኮሰች ነው የምትኖረው። የሰፈሩ ሸሚዝ ሁሉ በእጇ ያልፋል። እሷ ራሷ ላይ መጨማደድ የሚባል ነገር አይታይም፤ መሀረቧ እንኳ እንደ ደብዳቤ ታጥፎ ነው ኪሷ የሚገባው። ባሌ፣ “ይቺ ሴትዮ የምትተኛው ኮት መስቀያ ላይ ተንጠልጥላ ነው” ይላል። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። ምላሷ ፈጣን ነው፣ እጇ ግን አይቸኩልም።

ሥራዋን ቆሞ ማየት ደስ ይላል። ካውያውን ልብሱ ላይ ከማሳረፏ በፊት ጣቷን ውሃ ነክራ ሥሩን ነካ ታደርገዋለች፤ በድምፁ ሙቀቱን ታውቃለች። ሰው ሊያናግራት ከገባ፣ “ቆይ፣ ወሬ ካለሽ ካውያውን ላቁም” ትላለች። ሁልጊዜ። ካውያው ሳይቆም እትዬ ካውያ ቀና ብላ ሰው አታይም።

ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ካውያውን ትነቅልና ድንቢጥን ከቁልፍ ቆርቆሮው ታስነሳታለች። (ልጄ ጠረጴዛው ማዶ፣ ከገመዱ ርቃ፣ የወላለቁ የልብስ ቁልፎችን በቀለም ስትለይ ነው የምትውለው።) ከዚያ ጎን ለጎን ቆመው “አባታችን ሆይ” ይላሉ። እኔ ይህን በወሬ እንጂ በዓይኔ አላየሁም ነበር።

አንድ ምሽት እራት ላይ ልጄ፣ “ዛሬ እኔ ነኝ የምጸልየው!” አለች። ዓይኗን እስኪጨማደድ ጨፍና ጀመረች። ጥሩ አድርጋ እየሄደች የዕለት እንጀራዋን ከለመነች በኋላ ቀጥ ብላ ፈተናው ውስጥ ገባች።

“የኔ እናት፣ አንድ መስመር ዘለልሽ” አልኳት።

“አልዘለልኩም።”

“የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለውስ?”

“እሱ የለም።”

“አለ እንጂ።”

“እትዬ ካውያ ጋ የለም!”

ባሌ በዚያ ቀን ከመንገድ ገብቶ ነበርና ውሃው ትን እስኪለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። የልጅ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

በእሑዱ የሰንበት ትምህርት ቤቷ አስተማሪ በር ላይ ጠበቀችኝ። “ድንቢጥን በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤው ፊት ጸሎቱን እንድትል መርጠናታል። ደፋር ናት፣ ድምጿም ይሰማል” አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲጀምር ቀጠለች። “ግን አንዷን መስመር እምቢ አለችኝ። ለምኜ፣ ከረሜላ ሰጥቼ፣ እምቢ! ‘እትዬ ካውያ አትላትም’ ትለኛለች። ለመሆኑ እትዬ ካውያ ማን ናት? አያቷ ናት?”

“ከአያትም በላይ ናት” አልኩ፣ እንዴት እንደማስረዳት ጠፍቶኝ።

ሰኞ ጠዋት ድንቢጥን ሳደርስ ነገሩን እንደ ቀልድ አነሳሁት። እትዬ ካውያ የጋሽ መምህርን ሰማያዊ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ጋሽ መምህር ሒሳብ የሚያስተምሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ ያቺን ሸሚዝ ከሳምንቱ ሦስት ቀን ይለብሷታል።

“እትዬ፣ ይቺ ተማሪሽ አሳፈረችኝ እኮ! ጸሎቱን ጎርዳ ነው የምትለው። ይቅር የምንልበትን መስመር ሙልጭ አድርጋ ታወጣዋለች። ደግሞ በአንቺ ታላክካለች!”

ቀና ብላ አየችኝ። ካውያውን ግን አላቆመችውም።

“አስተውላኛለች ማለት ነው?” አለች፣ ቀስ ብላ። “በልቤ ነበር የማልፋት። ዝም ብዬ። ልጅ አያስተውልም ብዬ…”

ምን ማለቷ እንደሆነ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ሽታው ደረሰን። ካውያውን አነሳችው። በጋሽ መምህር ሸሚዝ ደረት ላይ የካውያ ቅርጽ ያለው ቡናማ ምልክት ታትሟል።  ድንቢጥ፣ “እትዬ! መርከብ ሠራሽ!” አለች።

ካውያውን ነቀለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለሥራ ልሄድ ይገባኝ ነበር። ለአሠሪዬ ደውዬ ልጄ ታማብኛለች አልኩ። ውሸት ነው፣ አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ትቻት መሄድ አልቻልኩም።

የነገረችኝ እንዲህ ነው። እናታቸው ስትሞት ታናሽ እህቷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሚጡ ነበር የምትላት። አጥባ፣ አበጥራ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሚጡ ግራኝ ናት። “ጫማ ማሰር ያስተማርኳት ቀን ሁለታችንም አለቀስን” አለችኝ። “እኔ በቀኝ ሳሳያት እሷ በግራ ስትገለብጠው፣ መጨረሻ ላይ የራሷን ቋጠሮ ፈጠረች። ጫፎቹ ወደ ታች የሚያዩ ቋጠሮ። ማንም እንደዚያ አያስርም።”

ሚጡ ስታድግ እትዬ ካውያ በምትሠራበት ትልቅ ላውንደሪ ቤት አስቀጠረቻት። እዚያ ቤት አንድ ደንብ ነበር። ልብስ ተኩሶ የጨረሰ ሰው በአንገትጌው ውስጥ የራሱን ቀለም ክር ያስራል፤ አቤቱታ ቢመጣ የማን እጅ እንደሆነ እንዲታወቅ። የእትዬ ካውያ ክር ቀይ፣ የሚጡ ሰማያዊ ነበር። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ተቃጠለ። ሠርጉ በማግስቱ ነው። አሠሪው ቀሚሱን ይዞ መጣ፣ አንገትጌውን ገለበጠው፤ ቀይ ክር።

“እኔ ቀሚሱን ነክቼው አላውቅም። ፊት ለፊት ባንኮኒው ላይ ልብስ ስቀበል ነበር” አለችኝ። “ግን ክሩን አየሁት። ጫፎቹ ወደ ታች ያያሉ።”

“አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?”

“እኔ ልናገርባት ነው ያሳደግኳት?” አለች፣ ተቆጥታ። “እሷ እንድትናገር ነበር የፈለግኩት። አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያልኩ ጠበቅኳት። መሬት መሬት ታያለች። የሙሽራዋ እናት በሰው ፊት ሰደበችኝ። እሷ መሬት ታያለች። አሥራ አራት ዓመት የሠራሁበት ቤት በዚያው ቀን ‘ሂጂ’ አለኝ። አሁንም መሬት ታያለች!”

አብረው ከሚኖሩበት ክፍል ዕቃዋን ይዛ ወጣች። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሚጡ ሁለት ጊዜ በር ድረስ መጥታ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እትዬ ካውያ መጋረጃውን ዘጋችባት። ላውንደሪው ከዚህ ሁለት ፌርማታ ነው። በዚያ መንገድ ላለማለፍ ስትል ወደ ገበያ የምትሄደው ዞራ ነው።

እኔ ደግሞ ቶሎ መፍትሔ መስጠት ይወዳል አፌ። “እትዬ፣ በቃ እርሺው። ያለፈ ነገር ነው” አልኳት።

“ያለፈው ለማን ነው?” አለችኝ።

 ደግ ያደረግኩ መስሎኝ ቁስሏን በእጄ መታሁት።

“አየሽ፣” አለች፣ “ያቺ መስመር ላይ ስደርስ ጌታን የምለምነው፣ እኔ ሚጡን በማይበት ዓይን እንዲያየኝ ነው። በዚያ ዓይን ካየኝ እኮ አለቀልኝ! ስለዚህ ዝም እላለሁ። እሱን ቆሜ ከምዋሸው ዝም ልበል ብዬ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የጸለይኩት፣ ቀዳዳ ያለው ጸሎት። ለኔ ይሁን። ለልጅሽ ግን…”

ድንቢጥን አየቻት። ድንቢጥ ቀይ ቁልፎችን ለብቻ እየደረደረች ነበር።

ከዚያ ወደ ሸሚዟ ዞረች። “ይቺን ሳይ መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? ለጋሽ መምህር ‘ስትመጣም እንዲህ ነበረች’ ልላቸው። ወዲያው ነው የመጣልኝ! እኔ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ። የሚያባርረኝ ሰው የለ፣ የምታለቅስ ሙሽራ የለች። ሚጡ ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ፈሪም ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ…” ንግግሩን አልጨረሰችውም።

ሸሚዟን አጣጥፋ ማዶ ጋሽ መምህር ቤት ይዛት ሄደች። እኔና ድንቢጥ በር ላይ ቆመን አየን። ብዙም አልቆየችም። ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር፤ ቀለላትም አልልም፣ ከበዳትም አልልም።

“ምን አሉሽ?”

“‘የምወዳት ሸሚዝ ነበረች እትዬ፣ አዝኛለሁ’ አሉ። ‘ግን አንቺን በሸሚዝ አልለውጥሽም’ አሉ። በቃ።” ተቀመጠች። “እኔኮ ሁልጊዜ ይቅር ማለት ‘ምንም አልሆነም’ ማለት ይመስለኝ ነበር። ሆኗላ! እንዴት አልሆነም ልበል? እሳቸው ግን ምንም አልሆነም አላሉኝም። ምንም ያልሆነ ነገርማ ይቅርታም አያስፈልገውም።”

ልትስቅ ነው ስል ዓይኗ እንባ ሞላ። “ደግሞ እንዴት እንደሚያናድድ! ‘እኔ ነኝ ያቃጠልኩት’ ብዬ ስናገር አንድ ትንፋሽ አልፈጀብኝም። አንድ ትንፋሽ! ለዚህች ነው አሥራ አንድ ዓመት?”

ሐሙስ ድረስ ይህን ጉዳይ አላነሳችም። እኔም ምላሴን ያዝኩ፤ ባሌ ቢያየኝ አያምንም ነበር። ድንቢጥ እንደነገረችኝ ግን ቀን ቀን ሲጸልዩ እትዬ ካውያ እዚያች ቦታ ስትደርስ “ቆይ” ትላለች። መስመሩን አትለውም፣ ግን እንደ ድሮው አታልፈውም። “ቆይ” ብላ ትቆማለች፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ልጄ ይህንንም በቃሏ ያዘችው። እራት ላይ፣ የዕለት እንጀራ ከለመነች በኋላ፣ “ቆይ” ትላለች እግዚአብሔርን።

አርብ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስገባ እትዬ ካውያ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ። “ነይ አድርሺኝ። ብቻዬን ከሆንኩ ከመንገድ እመለሳለሁ።”

ሦስታችን በዚያች በማታልፍባት መንገድ ሄድን። ላውንደሪ ቤቱ በእንፋሎትና በሳሙና ሽታ የተሞላ ነው፤ በጣሪያው ላይ በተዘረጋው ሐዲድ በላስቲክ የተሸፈኑ ልብሶች ተራ ይዘው ተሰቅለዋል። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ የክር ጥቅሎች በሚስማር ተንጠልጥለዋል፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ነጭ። በመጨረሻው ሚስማር ላይ ቀይ። በቀዩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል።

አንዲት ቀጭን ሴት ደረሰኝ ላይ በግራ እጇ እየጻፈች ነበር። ቀና ስትል እስክሪብቶው ወደቀ።

“እታለም” አለች። ታላቋን የምትጠራበት ስም መሆኑ ገባኝ።

“ቀዩን ማንም አይሠራበትም?” አለች እትዬ ካውያ፣ ግድግዳውን እያየች። ሰላምታ እንኳ የለም።

“ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ ለማንም አልሰጠሁም።”

“ለምን?”

ሚጡ መሬት አየች። እትዬ ካውያ ባንኮኒውን በመዳፏ መታችው። “መሬት አትይብኝ! እኔን እይኝ። ቀሚሱን ያቃጠለው ማን ነው?”

ልብስ ሊወስድ የመጣ አንድ ሰውዬ ወደ በሩ ሸርተት አለ። ሚጡ ቀና አለች። 

“እኔ ነኝ።”

“ክሩንስ?”

“እኔ ነኝ ያሰርኩት። ፈርቼ ነው፣ እታለም። አንቺን አያባርሩሽም ብዬ ነው፤ አንቺን ይወዱሽ ነበር። ሲያባርሩሽ ደግሞ… አንዴ ዝም ካልኩ በኋላ አፌ አልከፈት አለኝ።”

“ቋጠሮሽን አላውቀውም ብለሽ ነው?”

“ታውቂዋለሽ። እንደምታውቂው አውቅ ነበር። ለዚህ ነው ዓይንሽን ማየት ያቃተኝ።”

እትዬ ካውያ ለረጅም ጊዜ አየቻት። እኔ የድንቢጥን እጅ ሳላውቀው አጥብቄ ይዤ ኖሮ፣ “እማዬ አመመኝ” አለችኝ።

“ይቅር ብዬሻለሁ ልልሽ ነበር የመጣሁት” አለች እትዬ ካውያ። “መንገድ ላይ ስለማመደው ነበር። አሁን ሳይሽ ግን ሁሉም አልወጣልኝም። አልዋሽሽም። ግን ጀምሬያለሁ፣ ሚጡ። ዛሬ ጀመርኩ። ነገ ከተናደድኩብሽ፣ ነገም እንደገና እጀምራለሁ። መጋረጃውን ግን ከእንግዲህ አልዘጋብሽም።”

ሚጡ ባንኮኒውን ዞራ መጣች። ተቃቀፉ ብዬ ብጽፍ ያምር ነበር። አልተቃቀፉም። እትዬ ካውያ የሚጡን አንገትጌ በእጇ አስተካከለችና፣ “የኃላፊ ልብስ እንደዚህ ይጨማደዳል?” አለቻት። ሚጡ በሳቅና በለቅሶ መሀል የሆነ ድምፅ አወጣች።

እሑድ ጠዋት ድንቢጥ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስትሯሯጥ የወገቧ መቀነት ተፈታ። እኔ የሰንበት ትምህርት ቤቷን አስተማሪ እያናገርኩ ነበር። ዞር ስል ሚጡ ከኋላዋ በርከክ ብላ እያሰረችላት ነው። ድንቢጥ ነበረች አርብ ዕለት፣ ማንንም ሳታማክር፣ “እሑድ እኔ ነኝ የምጸልየው፣ ነይ” ያለቻት።

ሚጡ ተነሥታ እትዬ ካውያን አየቻት። “ትናንት ለአሠሪው ነገርኩት” አለች።

“እኔ ንገሪው አላልኩሽም።”

“አውቃለሁ። ቀሚሱን ረስቶታል፤ አንቺን ግን አልረሳም። ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይፈልጋል። የኔን ጉዳይ ሰኞ እናያለን አለኝ።”

“ካባረረሽ ጠረጴዛዬ ሰፊ ነው” አለች እትዬ ካውያ። “እኔ ቤት ግን ክር የለም። ያቃጠለ ሰው በአፉ ነው የሚናገረው።”

ይህን እያለች ዓይኗ ድንቢጥ ጀርባ ላይ አረፈ። መቀነቱ ታስሯል፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ ታች ያያሉ። ፊቷ ጥቁር አለ። እጇን ዘረጋች፤ ልትፈታው እንደሆነ ገባኝ፣ ሚጡም ገባት። ሚጡ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። የእትዬ ካውያ ጣቶች ቋጠሮውን ያዙት፣ ትንሽ ቆዩበት፣ ከዚያ አጠበቁት።

“እንዳይፈታባት” አለች።

ድንቢጥ ፊት ወጣች። ማይክሮፎኑ ዝቅ ተደረገላት። ዓይኗን እንደ ልማዷ እስኪጨማደድ ጨፍና ጀመረች፣ እንጀራውን ለመነች፣ ከዚያ፣ “ቆይ” አለች። ጉባኤው ሳቀ። ድንቢጥ ግን እውነቷን ነው፤ አንድ ዓይኗን ከፍታ ሦስተኛው መደዳ ላይ የተቀመጠችውን እትዬ ካውያን ትጠብቃለች።

እትዬ ካውያ ከጎኔ ነበረች። ሚጡ ከወዲያ ማዶዋ። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ። አንዴ ሞከረች፣ አልወጣላትም። ሳቁ ጸጥ አለ። የሰንበት ትምህርት ቤቷ አስተማሪ ልጄን ልትረዳት ብድግ አለች፤ እኔ በእጄ ተይው አልኳት።

ከዚያ እትዬ ካውያ ያቺን መስመር አለቻት። ጮክ ብላ አይደለም፤ ድምጿ ሻክሮ፣ ቃል በቃል፣ ሥሩን በጣቷ እየነካች እንደምትሞክረው ካውያ። ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ፊት ለፊት ልጄን እያየች። ድንቢጥ ከሥር ከሥሯ ተከተለቻት፣ አንድም ቃል ሳትዘል፣ በዚያ ደፋር ድምጿ።

አሁንም ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አብረው ይጸልያሉ። አንዳንድ ቀን እትዬ ካውያ፣ “ዛሬ ከበደኝ” ትላለች። ድንቢጥም፣ “እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ተከተይኝ” ትላታለች።